የልብ መግዣ

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና "ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም" አለ፤
ግማሹ ወላጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ግማሹ ገና መንገድ አለ።
ድሮ ከደጃፍ ለደጃፍ ተጠራርተን ነበር ስንሰበሰብ፤
ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣
ልጆቻችን ብቻ ቀሩ፣ በዚች ጠባብ ግቢ፣ ፒያሳ።

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ደብተሬ ባለ ሃምሳ ሉክ።
የመጀመሪያው መስመር ላይ ስም የለም፤
"አትጻፉኝ" ብላለች።
የያፌት እናት ናት። እድሩ ለቀብር ከሰጣት
የተረፈውን በፌስታል ጠቅልላ ያመጣች።
ቆጠርኩት። አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ፤
አንዱ ባለ መቶ በፕላስተር የተጣበቀ።
ደረሰኝ ስቆርጥ እጄ ራደ፤ እሷ ግን ቆማ ጠበቀች፤
"ከሥር ያለው ቅጂ አልወጣም፣ ድገሚው" አለች።

ሰባተኛ "ለ" ነበር። ሰኞ ጠዋት፣
ባንዲራው ገና ግማሽ ሲደርስ ወደቀ።
ልጆቹ ሳቁ። አመሉ ነው፣ የወደቀ መስሎ ማሳቅ።
አምቡላንሱን ከአራት ኪሎ ጀምሮ ሰማነው፤
ጩኸቱ ደረሰ፣ ጎማው አልደረሰ።
የሒሳብ መምህሩ "ልብ ግዛ አንተ ልጅ!" ይለው ነበር በየቀኑ፤
ከዚያ ወዲህ ለማንም አይልም።
ከደሞዙ ሩቡን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ወጣ፣ ፊቱን አዙሮ።

የመሣሪያውን ስም "ዲፊብሪ…" እያልን ስንሰናከል
ሽኩር፣ ባለ ሚኒባሱ፣ ብድግ አለ ከመካከል፦
"ባትሪ ሲሞት በኬብል አይደል የምናስነሳው?
ማስነሻ በሉትና እንገላገል!"
ማስነሻ ሆኖ ቀረ።
ዋጋው ግን አይቀርም፣ ይሮጣል፤
እኛ በብር በእግር ስንሄድ፣ እሱ በዶላር ይበራል።

"እድር ለሞተ ነው" አሉ አቶ እርገጤ፣ ደንቡን ገልጠው፤
"ድንኳን አለን፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ ድስት ከነጭልፋው፤
ላልሞተ ግን አንቀጽ የለንም።"
ሙሉሸዋ ከኋላ ተነሳች፦
"ታዲያ ይጻፉዋ! እስክሪብቶ ይኸው።"
ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት።

ቅዳሜ ያ ለቅሶ የለመደ ድንኳን ግቢው መሃል ተተከለ።
ከሥሩ ሳምቡሳ፣ ያገለገለ መጽሐፍ፣ የልጅ ጫማ በግማሽ ዋጋ፤
ሕፃናት የካስማውን ገመድ እየዘለሉ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣
እኛም በወደቁ ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዛለን።
አንድ አዛውንት ከመንገድ ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤
"ማን ነው ያረፈው?" ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።
"ማንም" አልናቸው። "ማንም እንዳይሆን ነው።"
ሃያ ብር ሰጡ። ደረሰኝ አልፈለጉም።

በአሥራ አንደኛው ወር መጣ፣ ቀረጡ ተከፍሎ።
"ይሰረቃል፣ ይቆለፍ" አለች ርዕሰ መምህሯ።
ጋሽ ዋቅጅራ፣ ጥበቃው፣ ሳቁ፦
"ቁልፉ ሲፈለግ እኔ ሽንት ቤት ብሆንስ?"
ቁልፉ ቀረ።

አሁን ግድግዳው ላይ ናት፤ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ፣
ልጆቹ ሳያዩአት ያልፋሉ።
የያፌት እናት ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣
አቧራዋን በሶፍት ጠርጋላት ትሄዳለች።
እኔም መዝገቤን ዘጋሁ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ አርባ ሁለት ብር።
ከሥሩ፣ ኦዲተር በማያይበት፣ በእርሳስ እንዲህ ጻፍኩ፦
ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ አድርግብን፤
የገዛነው ልብ ሳይነካ፣ እዚያው አርጅቶ ይቅር።